ሶዶን ሶዶ የሚያደርጋት ምንድን ነው?

በቢጠና ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ንግግር



ወላይታ ሶዶ ውስጥ አራዳ አለ፤ መርካቶም አለ። ሁለቱም የክፍለ ከተማ ስሞች ናቸው። አራዳን ሰው የሚያውቀው በአዲስ አበባ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ጣሊያን ገበያን የሚጠራበት ነው። ከመናኸሪያ ወጥቶ ወደ መሐል ከተማ የሚሄድ እንግዳ የሚያጋጥመውም ከስሞቹ ብዙ አይለይም፤ ኮብልስቶን፣ ባለ ሰማያዊ መስታወት ፎቅ፣ የሞባይል ሱቅ፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ጁስ ቤት፣ ባጃጅ። ባጃጁ ከህንድ፣ ስልኩ ከቻይና መጣ። ኮብልስቶኑ እንኳ ድንጋዩ የእኛ ቢሆንም አሠራሩ በጀርመኖች እገዛ በአገራችን ከተሞች የተስፋፋ ነው። ሆሳዕናም እንዲሁ ናት፤ ሻሸመኔም፣ ደብረ ብርሃንም። ታዲያ ሶዶን ሶዶ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ ይበልጡን ግን ጥያቄው በምን መንገድ ይጠና በሚለው ላይ እቆያለሁ።

ይህን ሶዶ ላይ ሆኖ ከመጠየቅ እንደ ቢጠና ባለች ትንሽ ከተማ ላይ ሆኖ መጠየቅ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ከተሜ ከተማውን ስለለመደው አያየውም። ለገበያ፣ ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ልጁን ለማስተማር ወደ ሶዶ የሚመላለስ የትንሽ ከተማ ሰው ግን ምን አይቶ እንደመጣ ጎረቤቱ ይጠይቀዋል፤ ሲመልስም ሳያውቀው ከተማዋን እያጠና ነው።

በዓለም ላይ ይህን ነገር ያነሱ ምሁራን ብዙ ናቸው። ኔዘርላንዳዊው አርክቴክት ሬም ኩልሃስ ከተሞች አንድ ዓይነት እየሆኑ መምጣታቸው የግድ እንደ ጉዳት መታየት እንደሌለበት ጽፏል፤ ማንነት የሚባለው ነገር ራሱ ከተማን ጠፍንጎ ሊይዛት ይችላል ባይ ነው። በተቃራኒው ዳንኤል ቤልና አቭነር ዴ-ሻሊት የተባሉ ሁለት የፖለቲካ ፍልስፍና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ መንፈስ አለው ብለው ተከራከሩ። ዘጠኝ ከተሞችን መረጡ። መንገድ ለመንገድ እየተዘዋወሩ፣ ከነዋሪው ጋር እያወሩ፣ ታሪክና ልብ ወለድ እያነበቡ ለየከተማው አንድ ጭብጥ ሰጡት፤ ለኢየሩሳሌም ሃይማኖት፣ ለሞንትሪያል ቋንቋ፣ ለሲንጋፖር አገር ግንባታ፣ ለኦክስፎርድ ትምህርት፣ ለኒው ዮርክ የላቀ ምኞት።

በእግር እየዞሩ ማጥናታቸውን እወድላቸዋለሁ። አንድን ከተማ በአንድ ቃል መጠቅለላቸው ግን አያሳምነኝም። ደግሞም የመረጧቸው ከተሞች ስማቸው ቀድሞ የገነነ፣ የሚጎበኛቸው ሰው የማያልቅ ናቸው። በ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ 36,287፣ በ1999ኙ ደግሞ 76,050 ነዋሪ የተመዘገበባትን፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ያደገችን ሶዶን የሚያጠና ሰው ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለች ከተማ ገና እየተሠራች ነው።

ለጥያቄው ቶሎ የሚመጣልን መልስ አለ። ሶዶን ሶዶ የሚያደርጋት ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የሽመና ልብሷ ዱንጉዛ፣ ቁርጧና ዳጣዋ፣ የጊፋታ በዓሏ ነው እንላለን። ለቱሪስት በሚታደል ወረቀት ላይ የሚታተመውም ይህ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጠጋ ብለን እንየው።

ዳጣ ያለ በርበሬ አይሆንም። በርበሬ ደግሞ ትውልዱ አሜሪካ አህጉር ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብንመለስ በዚህ ምድር ማንም በርበሬ አልቀመሰም። የወላይታ ገበሬ በክፉ ቀን ነፍሱን የሚያቆይበት ስኳር ድንችም፣ በቆሎውም፣ ቦሎቄውም ከዚያው አህጉር የመጡ ናቸው። ቦይና የምትሉት ጎደሬ የእስያ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን የአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል «ቦሎሶ አንድ» የሚባል ዝርያ አውጥቶለታል፤ ስሙን ከወላይታ ወረዳ ያገኘ የእስያ ተክል ማለት ነው። ከጓሮው ውስጥ ከጥንት የአገሩ ልጅ የሆነው እንሰት ነው። የዱንጉዛውም ክር የሚገዛው ከገበያ፣ የፋብሪካ ቀለም ገብቶበት ነው።

እንግዲህ የከተማን ልዩነት «ከውጭ ያልገባ ነገር» ብለን ከፈለግን ከዳሞታ ተራራ ድንጋይና ከእንሰቱ በስተቀር የምናገኘው ጥቂት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ አንድን ከተማ ከሌላው የሚለየው ከውጭ የመጣውን የሚቀበልበት፣ የሚለውጥበት፣ እምቢ የሚልበትም መንገድ ነው። የሚጠናውም እሱ ነው። ሶዶ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ራሷ ከውጭ በመጣ ኃይል የተወለደች ናትና። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተሸንፈው ወላይታ በ1887 ዓ.ም በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ፣ ከዳሞታ ሥር የሰፈረው አስተዳደርና ጦር ያቆማት ከተማ ናት። የነገሥታቱ መናገሻ ዳልቦ ነበር። ሶዶ ስትጀምር ለብዙው የወላይታ ሰው የሌላ ሰው ከተማ ነበረች። የሌላ ሰው የነበረችው ከተማ እንዴት የወላይታ ሆነች?

ከሁሉ ጠንካራውን ምሳሌ የምወስደው ከሃይማኖት ታሪክ ነው። ክርስትና ለዚህ አካባቢ አዲስ አልነበረም፤ በሶዶ አቅራቢያ ያለው የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ትውፊቱን ጻድቁ በዳሞት ምድር ንጉሥ ሞቶሎሚን እስካስተማሩበት እስከ 13ኛው መቶ ዘመን ወደ ኋላ ይወስዳል። በ1920 ዓ.ም ደግሞ በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ የተመሩ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወርደው ወላይታ ገቡ። ኦቶና በተባለ ስፍራ ጣቢያ ሠሩ፤ አከሙ፣ አስተማሩ፣ ሰበኩ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እስኪጠመቁ አምስት ዓመት ያህል ወሰደ። ጣሊያን በ1929 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቡት። ፈረንጆቹ ሄደዋል። ገንዘብም፣ መድኃኒትም፣ አስተማሪም የሚልክ የለም። በወላይትኛ የተተረጎመው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ጣሊያን መሪዎቹን አሰረ፣ ገረፈ፣ የጸሎት ቤቶችን አፈረሰ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን አማኙ ወደ 10,000 ደርሶ እንዳገኙት ራሳቸው ጽፈዋል። ይህን ያደረገው የአገሩ ሰው ነው፤ በዘመድ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በራሱ ቋንቋና በራሱ ዜማ። ቀጥሎም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ እስከ አሪ ድረስ በእግራቸው ሄደው ሰበኩ።

የእምነቱን ጉዳይ ለምእመናን ልተወው፤ ስለ ከተማ የምናጠና ሰዎች ግን እዚህ ታሪክ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ያመጡት ነገር አምጪዎቹ በሌሉበት ሥር ሰደደ፤ ከዚያም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ዛሬ «ሉላዊነት» ስንል ሁሉም ከውጭ ወደ እኛ የሚፈስ ይመስለናል። በ1930ዎቹ የወላይታ ገበሬ ተቀባይም ላኪም ነበር። ሶዶ ውስጥ እሑድ ማለዳ የሚሄድ ሰው የሚሰማው የመዘምራን ድምፅ፣ የአጥቢያዎቹ ብዛት፣ የከተማዋ ማኅበራዊ ኑሮ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሽከርከሩ ሁሉ የዚያ ታሪክ ቅጥያ ነው። ይህን ሳያነብ ፎቅ ብቻ ቆጥሮ የሚሄድ አጥኚ ሶዶን አላያትም።

መቀበል አንድ ነገር ነው፤ እምቢ ማለትስ?

በ1971 ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የተጻፈውም በእኛው ፊደል ነበር። ከ1983 የመንግሥት ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ወላይታ ለዚህ ለውጥ አደባባይ አልወጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን አስተዳደር የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አዘጋጀ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ምክንያት ነበረው፤ ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሕዝብ ማሳተም ወጪ ይቀንሳል። በ1992 የመጀመሪያ ወራት መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሶዶ ተነሣች። መምህራን ታሰሩ፣ ተማሪዎች ወጡ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ሰሜን ኦሞ ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ሶዶም ዋና ከተማው።

ፊደሉ ሲለወጥ ዝም ያለ ሕዝብ ቃላቱ ሲቀላቀሉ ሞተ። ቤልና ዴ-ሻሊት ለሞንትሪያል የሰጡትን ቋንቋ የሚለውን ጭብጥ ለሶዶም መስጠት ይቻል ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምወስደው የጥናት ዘዴ አለ፦ ከተማን የምታጠኑ ከሆነ ሰዉ በምን እንደሚኮራ ከመጠየቃችሁ በፊት በምን እንደሚጣላ ጠይቁ። ኩራት ለእንግዳ የሚዘጋጅ መልስ አለው፤ ጠብ ግን ሰው የማይለቀውን ያሳያል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር የሶዶ ሰው ሁሉ ሶዶ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ወላይታ በአገራችን ገጠሮች ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አንዱ ነው፤ መሬቱ ለልጆች አይበቃም። ስለዚህ ሰዉ ይወጣል። ወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1946 በሆላንዶች ኩባንያ ሥራ ሲጀምር አገዳ ሊቆርጡ ከሄዱት ብዙዎቹ የከምባታ፣ የሃዲያና የወላይታ ልጆች ነበሩ። ኋላም ወደ መተሐራ ወረዱ። አዲስ አበባ ላይ ሊስትሮ ሆነው፣ ሎተሪ አዙረው፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ራሳቸውን ያስተማሩ፣ ቤተሰብ የደጎሙ ብዙ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥም በዚያ መንገድ ያለፉ አባቶች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ጊፋታን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። በመስከረም 14 እና 20 መካከል ባለው እሑድ የሚውል የዘመን መለወጫ ነው ብለን ብቻ ካለፍን በዓሉን እንደ ፖስተር አየነው። ዓመቱን ሙሉ ባል ለበሬ፣ ሚስት ለቅቤና ለቅመም ይቆጥባሉ፤ ቡድን ይመሠረታል፤ በሬ በቅርጫ ይከፈላል። ያም ማለት ጊፋታ የአንድ ቀን ደስታና የዓመት ሙሉ የቁጠባ ሥርዓት ነው። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ፣ ከመተሐራ፣ ከሐዋሳ ወደ ሶዶ የሚመጣው አውቶቡስ ይሞላል። የራቀ ይመጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ለጋብቻ ይተያያል። ባህሉ ቆየ ብለን ስንደሰት የምንረሳው፣ ያቆዩት በብዛት ከአገር የወጡት መሆናቸውን ነው። መንገድና ሥራ ያራቀው ሰው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሉላዊነት በዓልን ያጠፋል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ አውቶቡሱና ሞባይሉ ጊፋታን አጠንክረዋል።

እግር ኳስም እንደዚሁ ነው። ጨዋታው የእንግሊዝ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሶዶ ውስጥ ቲቪ ያለበት ካፌ ሁሉ የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ ይሞላዋል። ግን የሶዶው ክለብ ወላይታ ድቻ በ2010 አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን የግብፁን ዛማሌክን በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት በአፍሪካ የስፖርት ዜና ላይ የተነበበው የወላይታ ስም ነበር። ያን ሰሞን የአርሴናልና የማንችስተር ክርክር ለጥቂት ቀን ዝም ብሎ ነበር ቢሉኝ አምናለሁ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ያለውን የሁምቦን ተራራ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፍ እርሻ ላይ አፈርና ድንጋይ እየጫነ አርሶ አደሩን ያስመርር ነበር። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር ከለሉ። ብዙውን ዛፍ አልተከሉትም፤ ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ አሳደጉት። ሥራው በ2002 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ውስጥ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ዛፉ ከአየር የሚስበውን ካርቦን ገዛ። የሁምቦ ገበሬ አየር ሸጠ ብለው የቀለዱ ነበሩ። ከገንዘቡ ግን ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠራ። ይህን እዚህ ያመጣሁት ለከተማ ጥናት ጎረቤት ተራራ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ነው፤ የሶዶ ውኃ፣ ማገዶና ገበያ ከነዚህ ተራሮች ተለይቶ አይታይም። ከተማን በማዘጋጃ ቤት ካርታ ወሰን ቆርጦ ማጥናት ከንቱ ድካም ነው።

ዛሬ ሶዶ ያለችበትን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሶዶ ሆነች። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ግን ለስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፤ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ካራትና ሳውላም ድርሻ አላቸው። ቢሮ ይከፈታል፣ ቤት ኪራይ ይወደዳል፣ ወላይትኛ የማይናገር ሠራተኛ ይመጣል። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ ሶዶ ደርሷል። እግረኛ የሚሄድበት ሰፊ መንገድና መብራት ያገኘ ሰው ቅሬታ የለውም፤ እኔም የለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳን በ2016 ስታፈርስ ስለ ሰፈሩ የተጻፈ መጽሐፍ፣ የተነሣ ፎቶ፣ የተዘፈነ ዘፈን ቀድሞ ነበር። የሶዶ አሮጌ ሰፈሮች ቢነሡ በእጃችን የሚቀረው ማስረጃ ስንት ነው? ተመሳሳይ የመብራት ምሰሶ መትከሉ ከተማን አያጠፋም። ከመትከሉ በፊት እዚያ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ መቅረቱ ግን ትውስታዋን ያጠፋል።

በማሽን የታተመ ዱንጉዛ መሰል ጨርቅ ጉዳይም አለ። ዋጋው ስለሚቀንስ ለተማሪና ለደጋፊ ይበጃል፤ ሸማኔውን ግን ከገበያ ያስወጣዋል። እዚህ ላይ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ቀለሙ በዓለም ሁሉ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ሸማኔ የሌለበት ዱንጉዛ ባንዲራ ብቻ ነው። ለመንግሥት በዓል ጨርቅ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ የእጅ ሥራውን ይግዙ።

ከጎረቤት ጋር ማነጻጸርንም አትርሱ። ሶዶን ከፓሪስ ጋር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። ሆሳዕና ላይ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የላኩት ገንዘብ ሕንጻ ሆኖ ቆሟል፤ አርባ ምንጭ በሐይቆቿ፣ ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ ሰፈሮች በመከፈሏም ትታወቃለች፤ ሐዋሳ ከሐይቁ ዳር በፕላን የተቆረቆረች ናት። ሁሉም ኮብልስቶን አላቸው፣ ሁሉም ባጃጅ አላቸው። ልዩነታቸው ሰው ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ለምን ይመለሳል በሚለው ውስጥ ነው። ሶዶ ደግሞ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ናት። መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቀመጠ ከተማ ንጹሕና ያልተነካ ባህል አይኖረውም፤ የሚኖረው የመቀበልና የመለየት ልምድ ነው።

ለቢጠና መምህራንና ተማሪዎች የምለው ይህ ነው። ይህን ጥናት ለመጀመር ዩኒቨርሲቲ አያስፈልጋችሁም፤ ደብተርና ሞባይል ይበቃል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሂዱና የምታዩትን ዕቃ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሸጠው፣ በየትኛው ቋንቋ ዋጋ እንደተቆረጠ ጻፉ። ከወንጂና ከመተሐራ የተመለሱትን ጠይቁ፤ የወር ደመወዛቸውን፣ ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን። እናቶችን ለጊፋታ ቅቤ የሚያስቀምጡበትን ማኅበር፣ የሚቀጣበትን ሕግ፣ የተጣሉበትን ቀን ሳይቀር አስነግሯቸው። ፈቃዳቸውን እየጠየቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቅጂውን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ።

በመጀመሪያም ወደ ሽማግሌዎቹ ሂዱ። በዓለም ባንክ ብድር በ1962 ዓ.ም የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ እናንተ «ዋዱ» የምትሉት፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ መጥቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ከደጋ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ሰዎችን ያሰፈረ ነው። ያን በአዋቂነት ያዩ ሰዎች ዛሬ ሰባውን አልፈዋል፤ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ በዚሁ ዓመት ሂዱ።